የ25 ሴንቲ ሜትር ቢላዋ በጫካ መንገድ

ብረቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቢላዋ ይዤ ወደ ጫካ የገባሁት አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነበር፤ ይህን የሚያህል ነገር ተሸክሞ መጓዝ፣ ትንሽ ቢላዋና ታጣፊ መጋዝ ይዞ ከመጓዝ ይሻል እንደሆነ። አብሮኝ የተጓዘው ባልንጀራዬ ገና ሳንነሳ መልሱን ያወቀ ይመስል ነበር። እርሱ ለዓመታት ከአንድ መጋዝና ከመዳፍ ብዙም ከማይበልጥ ቢላዋ በቀር ይዞ የማያውቅ ሰው በመሆኑ፣ ከቀበቶዬ የተንጠለጠለውን አፎት ባየ ጊዜ «ዘመቻ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቢላዋው 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን ካለው አረብ ብረት የተሠራ ነው። አይዝጌ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የሚገባበት ሲሆን ይህኛው ግን ስለሌለው፣ ካልተጠረገና ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ56 እስከ 58 ነው፤ ለመምቻና ለመፍለጫ ለሚያገለግል ቢላዋ ከዚህ በላይ ማጠንከር የሚጠቅም አይመስለኝም። በጣም የጠነከረ ስለት ስል ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ቢረዝምም ጉጥ ሲያገኝ ይሸረፋል፤ ለዘብ ያለው ግን ይጣመማል እንጂ አይሸረፍም፤ የተጣመመውን በሞረድ ማቃናት ሲቻል፣ የተሸረፈውን ለማስተካከል ግን ብዙ ብረት መብላት ግድ ይሆናል። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘልቃል። በጣቴ ላይ አጋድሜ ስመዝነው ሚዛኑን የጠበቀው ከእጀታው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት አልፎ ነው፤ ይህ ወደ ፊት ያዘነበለ ክብደት ቀኑን ሙሉ ሲያግዘኝም ሲያስቸግረኝም ዋለ።

ችግሩ የጀመረው አንድም እንጨት ሳይቆረጥ ነው። አፎቱ በየእርምጃው ጭኔን ይመታል፤ ዳገቱ ላይ ጉልበቴን ባነሳሁ ቁጥር ወደ ፊት ይዞርብኛል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። አንድ ሰዓት ያህል ከታገልኩ በኋላ ፈትቼ ከጀርባ ቦርሳዬ ጎን አሰርኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀለለኝ፤ ቢላዋው ግን በፈለግሁት ጊዜ ቶሎ የሚመዘዝ መሆኑ ቀረ።

የመጀመሪያውን ፈተና ያገኘሁት መንገዱን ዘግቶ የወደቀ ደረቅ ዛፍ ላይ ነው። ሕያው ዛፍ ላለመንካት አስቀድመን ተስማምተን ስለነበር፣ እንደ ክንድ የሚወፍር አንድ ደረቅ ቅርንጫፉን መረጥኩ። ቢላዋን በእንጨት ላይ ቀጥ አድርጎ መምታት ድካም ብቻ ነው፤ ስለቱ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ ለማለፍ ሲታገል ተጣብቆ ይቀራል። በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ሲመቱት ግን ስብርባሪው እየዘለለ ይወጣል፤ ጉድጓዱም በየምቱ እየሰፋ ይሄዳል። ተንበርክኬ ነበር የምመታው፤ ቢላዋው ቢስት መሬት እንጂ እግሬን እንዳያገኝ። ተቀምጦ በሁለት ጭን መካከል መቁረጥ ከጀማሪዎች ስህተት ሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ፣ ርዳታ በሌለበት ጫካ ውስጥ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነውና።

ምቱን ቆጠርኩ፤ ቅርንጫፉ የተቆረጠው በ74ኛው ነው። ባልንጀራዬ ያንኑ የሚያህል ሌላ ቅርንጫፍ በመጋዙ ሳብ ረገብ እያደረገ፣ እኔ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ጨረሰ። ምንም አልተናገረም፤ መጋዙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። መንገዱ ላይ የተዘረጉትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ግን እኔ በአንድ በአንድ ምት ስመነጥር፣ እርሱ እያንዳንዱን እየያዘ ለመቁረጥ መጎንበስ ነበረበት፤ ይህን በቢላዋዬ በኩል መዝግቤዋለሁ።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ያዘን። ዝናቡ ሲያባራ መሬት ላይ የወደቀው እንጨት ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ስለነበር፣ ሳይወድቅ ቆሞ የደረቀ አንድ ቀጭን ጥድ ፈለግን፤ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ውጪው ቢርስም ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይገኛልና። ባልንጀራዬ በመጋዙ ሠላሳ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አድርጎ ጎማመደው። መጋዝ ግን መቁረጥ እንጂ መፍለጥ አያውቅም፤ የእርሱ ትንሽ ቢላዋም ከጉማጁ ስፋት ስለሚያጥር ጀርባውን የሚመታበት ቦታ አይተርፍም። የእኔን ስለት በጉማጁ ራስ ላይ አጋድሜ በወፍራም ዱላ ጀርባውን ስመታው ብረቱ ሰመጠ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከሚሰፋው ጉማጅ አልፎ የወጣውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ስደግመው ደግሞ ጉማጁ ለሁለት ተከፈለ። ዱላው የግድ ከእንጨት መሆን አለበት፤ ድንጋይና መዶሻ የቢላዋውን ጀርባ ያበላሻሉ። ጉጥ ያለበት አንድ ጉማጅ ብቻ አስቸገረኝ፤ ስለቱ መሐል ላይ ቆመ፣ እጀታውን ወደ ታች ተጭኜ ላስለቅቀው ስሞክርም ብረቱ ትንሽ ጎበጥ አለ። ደግነቱ ስለቀው ተመልሶ ቀና። ጉማጁን ገልብጬ ከሌላው ራሱ ስጀምር ያለ ችግር ተፈለጠ፤ ቀድሞውኑ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

የፈለጥነውን ውስጠኛ እንጨት ወደ ቀጫጭን ጥቅልል ፍቅፋቂ መለወጥ ሲመጣ ቢላዋዬ ሰነፈ። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጎትት፣ ለእጀታው በቀረበው የስለት ክፍል ብሠራም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፍቅፋቂዬ ሁሉ ተጠቅልሎ ከእንጨቱ ላይ በመቆየት ፈንታ እየተቆረጠ ይወድቃል። የባልንጀራዬ ትንሽ ቢላዋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ላባ የሳሳ አንድ እቅፍ አዘጋጀች። እሳቱን የለኮስነው ግን በእኔ ቢላዋ ጀርባ ነው። የእሳት መጫሪያው ዘንግ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባህ እ.ኤ.አ. በ1903 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበለት የሴሪየምና የብረት ቅይጥ ዘር ነው፤ በሹል ማዕዘን ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ማዕዘኑ ያልተለሰለሰው የቢላዋዬ ወፍራም ጀርባ በሦስተኛው ፍቀት ዝናብ የሚመስል ብልጭታ አፈሰሰ። በስለቱ የሚፍቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ስለታቸውን በገዛ እጃቸው ያደነዝዛሉ።

ውኃው እስኪፈላ እጄን አየሁት። መዳፌ ከአመልካች ጣቴ ሥር ውኃ ቋጥሯል። ይህ የሆነው እጀታው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ባለ፣ በዓይን እንኳ እምብዛም በማይታይ ሹል ጠርዝ ምክንያት ነው። ስለ ብረቱ ካርቦንና ጥንካሬ ይህን ያህል ሳነብ ሰንብቼ፣ የእጀታውን ጠርዝ አንድ ጊዜ በጣቴ ዳስሼ አለማየቴ አናደደኝ። ቤት እንደደረስኩ በሸካራ ወረቀት ፍቄ አለሰልሰዋለሁ፤ እስከዚያው ግን በጨርቅ ጠቅልዬው ቆየሁ።

ማታ በባትሪ ብርሃን ስለቱን ፊት ለፊት ተመለከትኩት። ስል የሆነ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመ ቦታ ግን እንደ ነጭ ክር ያበራል። ሁለት ቦታ ላይ አበራ፤ አንዱ ጉጡን የመታሁበት ነው። በሞረድ፣ ከእያንዳንዱ ወገን 20 ዲግሪ ገደማ እየያዝኩ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መለስኩት። የብረቱ ገላ በእንጨቱ ውስጥ ባለው ታኒን በተባለ ንጥረ ነገር ምክንያት ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ከአፎቱ አፍ አጠገብ የታዩት ብጫ ነጠብጣቦች ግን ዝገት ናቸው። እርጥቡን ቢላዋ ሳልጠርግ ወደ ቆዳ አፎት መልሼው ስለነበር ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍቄ ዘይት ቀባሁትና ሌሊቱን ከአፎቱ ውጪ በጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከድንኳኑ ስወጣ ባልንጀራዬ የማታውን ፍም እየቆሰቆሰ ነበር። ከጎኑ በመጋዝ የተጎማመደ፣ ያልተፈለጠ እንጨት ተደርድሯል። ቀና ብሎ ሳያየኝ እጁን ዘርግቶ «እስቲ ያን ጎራዴህን አቀብለኝ» አለኝ።