ጥላሸት የሌለው ቤት

ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ሦስት ጊዜ ጠጅ ደፍቻለሁ። 60 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሙሉውን፣ ሦስቴ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ ጠጁንም የምጥለው እኔው ነኝ። የኮመጠጠ ጠጅ ከጓሮ ሲደፋ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም። ሥራ አስኪያጃችን ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ዛሬም አቼቶ ጣልክልን?» ይለኛል፤ አስተናጋጆቹ ይስቃሉ።

ጥፋቱን ማሩ ላይ ለጠፍኩት። ባለማሩ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያስለመደኝ፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነ ሰው ነው። «ስኳር ቀላቅለህበታል» አልኩት። «ማርቆስን!» ብሎ ማለ፤ ከጣሳው በጣቱ ቆንጥሮ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገና ወረቀቱን ገልብጦ አሳየኝ፤ አልራሰም። ዓይኔ አይቶ ልቤ እንቢ አለ። በሙቀት ተበላሸ እንዳልል ማርቆስ ብርድ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ሌሊት ሁለት ብርድ ልብስ የሚያስደርብ ከተማ። ጌሾውም ያው ነው፣ ልኩም ያው ነው፤ ለ1 ኪሎ ማር 3 ሊትር ውሃ። እንግዲያ ከማሩ ሌላ ምን ቀረ? ሂሳቡን ዘግቼ አሰናበትኩት። ጣሳውን አንስቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ ለፋሲካ «የግብር ምሽት» እናዘጋጅ አለ፤ መሶቡ፣ ብርሌው፣ መጋረጃው ሁሉ እንደ ጥንቱ ይሁን። እኔን፣ ረዳቴንና እቃ የምታጥበውን ልጅ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አይታችሁ ኑ ብሎ ላከን። ልጅቷን ያስከተልናት እውነቱን ለመናገር ስልኳ ከሁላችንም ስልክ የተሻለ ፎቶ ስለሚያነሳ ነው።

ንጉሡን የማያውቅ የማርቆስ ሰው የለም። ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሷቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው። የዛሬዋ ደብረ ማርቆስም በፊት ስሟ መንቆረር ነበር። መንገድ ላይ የማስበው ግን ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን «ግብር» ስለሚለው ቃል ነበር። ገበሬው ማሩን፣ ቅቤውንና እህሉን ሲያስገባ ግብር አገባ ይባላል፤ ወታደሩና መኳንንቱ አዳራሽ ገብተው ሲበሉ ደግሞ ግብር በሉ ይባላል። አንድ ቃል ነው። በአንዱ በር የገባው ማር በሌላው በር ብርሌ ላይ ሆኖ ይወጣል፤ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ማለት የሁለቱ ግብሮች መገናኛ ነው። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ይህን ቢሰማ ለማስታወቂያ ያውለው ነበር።

ግቢው እንደገባን ረዳቴ አንዱን አሮጌ ቤት ገና ከበሩ አይቶ «ወጥ ቤቱ ይኸ ነው» አለ። ግድግዳው ወፍራም፣ ብርሃኑ ትንሽ። እኔም ከመቀበል አልፌ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ምጣዶቹ በዚህ በኩል፣ የወጡ ድስት በዚያ በኩል፣ ወፍጮው እበሩ አጠገብ። 14 ዓመት ወጥ ቤት የኖረ ሰው አፍ አያጣም። ልጅቷ ግን ስልኳን ወደ ላይ አቅንታ ጣሪያውን እያየች ቀረች።

«ጋሼ፣ ጥላሸት የለውም እኮ።»

«ግድግዳው ተቀብቶ ይሆናላ።»

«እንጨቱስ? የእናቴ ማድ ቤት እኔን አያክልም፤ ማገሩ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። እዚህ ስንት ሰው ይበላ ነበር አላሉም?»

ግቢውን የሚጠብቁት አዛውንት በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ኖሯል። ሳቁ። «ልጄ፣ ጢስ ያላየ ቤት ወጥ ቤት ይባላል? ልጅቷ ናት ያየች» አሉኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«እንግዲያ አያ፣ የት ነበር የሚሠራ?»

አያታቸው በንጉሡ ልጅ በራስ ኃይሉ ዘመን ከጠጅ ቤት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ የየራሱ ሰው፣ የየራሱ እሳት ነበረው፤ ጠጅ ቤቱማ እሳትም አልነበረው። ሴቶቹ ጌሾውን ሌላ ቦታ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ነው ይዘው የሚገቡት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ አፉ ታስሮ ይቀመጣል። «አያቴ ምን ትል ነበር መሰለህ?» አሉኝ፤ «ጠጅ መነኩሴ ነው፤ ሰው ከበዛበት ይፈታል።»

መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ውጭ የመጋቢት ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ግድግዳው የምንጭ ውሃ ነው። ያን ጊዜ የእኛ በርሜል በዓይኔ መጣ። ከእንጀራ መጋገሪያው ጥግ ነው ያለው፤ ከኤሌክትሪክ ምጣዶቹ ሁለት ክንድ አይርቅም። በፊት አንድ ምጣድ ነበረን። ለውጭ እንጀራ ማስረከብ ስንጀምር ሁለት ጨመርን። መቼ? መስከረም መጨረሻ። ጠጁ መኮምጠጥ የጀመረውስ? የቀረውን የአዛውንቱን ጨዋታ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት፤ መኳንንቱ መጋረጃ ተጋርዶ እንደሚበሉ፣ ከዚያ አጋፋሪው ሌላውን በየማዕረጉ በየተራ እንደሚያስገባ ሲነግሩን ማስታወሻ የያዘው ረዳቴ ነው።

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገባሁ። ምጣዶቹ ሲጋሉ ቆሜ ጠበቅሁና በርሜሉን ዳሰስኩት። ግቢው ውስጥ ትንፋሽ እየጨሰ፣ በርሜሉ አሁን እንደታለበ ወተት ለብ ብሏል። ክዳኑም ገርበብ ብሎ ነበር፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይቀዳበታል። ሙቀትና አየር ካገኘ የቱ ጠጅ ነው አቼቶ የማይሆን?

ደረጃ ሥር ያለውን ጨለማ ክፍል ለመውሰድ ሦስት ቀን ተጨቃጨቅሁ፤ የባዶ ቢራ ሳጥን ማከማቻ ነበር። ባለማሩ ስልክ አላነሳ አለ። ቅዳሜ በሚኒባስ እንጅባራ ወረድኩ። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጣሳ ያጥባል፤ ቀና ብሎ አየኝና ማጠቡን ቀጠለ።

«አያ፣ ማሩ አልነበረም። ይቅር በለኝ። በርሜሉን ምጣድ አጠገብ አስቀምጬው ነው» አልኩት።

«እኔ ማር ነው የሸጥኩልህ» አለ ዓይኑን ከጣሳው ሳያነሳ፤ «ምጣድ አልሸጥኩልህም።»

በኪሎ ላይ ጨመረብኝ፤ ደግሞም ቅድሚያ ክፈል አለኝ። ከፈልኩ።

የፋሲካ ዕለት ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ብርሌ አነሳ። ጎንጨት አለ፤ ደገመ፤ ብርሌውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው። ልጅቷ ከኋላው ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ብርሌ ታጥባለች።

«አየህ?» አለኝ፤ «ያን ሰውዬ ማባረርህ ደግ አደረግህ።»

ልጅቷ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየኋት።