የድሮ ኢቨንቲንግ ቪዲዮ፦ በጋላቢው ከመፍረድ በፊት ምስሉን ማስተካከል

የ1970ዎቹና የ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባድሚንተንና የበርግሊ ቀረጻዎችን (ሁለቱም በእንግሊዝ የሚካሄዱ የኢቨንቲንግ ውድድሮች ናቸው፤ ኢቨንቲንግ አንድ ፈረስና ጋላቢ በሥርዓት ግልቢያ፣ በክሮስ ካንትሪና በመሰናክል ዝላይ የሚፈተኑበት ስፖርት ነው) የማጥናቱ ሥራ አሁን መልክ ይዟል። ፈረሱ ለዝላይ የኋላ ኮቴዎቹን ከመሬት ያነሳበትን ቅጽበት ነጥሎ ማውጣት ተችሏል፤ ትልቁ እንቅፋት እሱ ነበር።

ደንቡን መረዳት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ድሮ የጽናቱ ቀን አራት ምዕራፍ ነበረው። ሀ እና ሐ በደቂቃ 220 ሜትር፣ በሶምሶማ የሚኬድ መንገድ፤ ለ በከፍተኛው ደረጃ በ690 የሚጋለብ ስቲፕልቼዝ (በፍጥነት እየጋለቡ አጥር መዝለል)፤ ከዚያ የ10 ደቂቃ እረፍትና የእንስሳት ሐኪም ምርመራ፤ መጨረሻ ላይ መ፣ ክሮስ ካንትሪው (በሜዳና በጫካ የተተከሉ ቋሚ መሰናክሎችን መዝለል)፣ በ570። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ መ'ን ብቻ ስለሚያሳይ «ይሄ ፈረስ ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ምን ሠርቶ እንደመጣ ማስታወስ ነው። በኦሎምፒክ ይህ አሠራር በአቴንስ 2004 ቀርቷል። ጋላቢ ወድቆ ተነስቶ ሲጋልብ ብታዩም አትደንግጡ፤ ያኔ መውደቅ 60 ነጥብ ያስቀጣል እንጂ አያስወጣም።

ዋናው ጣጣ ግን ምስሉ ነው። የአውሮፓ የቴሌቪዥን ካሜራና የካሴት ቀረጻ በሰከንድ 25 ሙሉ ስዕል ሳይሆን 50 ግማሽ ስዕል (እያንዳንዱ የስዕሉን መስመሮች አንድ እየዘለለ የያዘ) ነው። በ570 የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 9.5 ሜትር ይሄዳል፤ በ25 ስዕል ብታዩት በአንዱና በሌላው መካከል 38 ሴንቲ ሜትር ያመልጣችኋል፣ በ50 ግን 19 ብቻ። ስለዚህ ፋይሉን የጫነው ሰው ግማሹን ስዕል ጥሎት ከሆነ የምትፈልጉት ቅጽበት የለም፤ የትኛውም ማጥሪያ አይመልሰውም።

ያልተነካ ፋይል ካገኛችሁ ኤምፒቪ (mpv) በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱት። «ዲ» (d) ቁልፍ ግማሽ ስዕሎቹን ይለያያል፤ ነጥብ ወደፊት፣ ነጠላ ሰረዝ ወደኋላ አንድ አንድ ስዕል ያስኬዳል። ሌላው ማጫወቻ ቪኤልሲ (VLC) «ኢ» (e) ሲጫኑት ወደፊት ይራመዳል፣ ግማሽ ስዕሎቹን የሚለያየው «ያዲፍ 2ኤክስ» (Yadif 2x) የሚለው ምርጫም ጥሩ ነው፤ ግን የለመድነው ቪኤልሲ ወደኋላ አይራመድም። ዝላይ እያጠኑ ወደኋላ አለመመለስ ለእኔ ቀልድ ነው።

ፋይሉን ለመፈተሽ በአንድ ግልቢያ ላይ ስዕል በስዕል ሂዱ። በየስድስቱ አንዱ ከተደገመ 25ቱ ወደ 30 ተቀይሯል፤ የተደገመውን ዝለሉት። የፈረሱ አራት እግር ስምንት መስሎ በጥላ ከታየ ስዕሎቹ ተቀላቅለዋል፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ፣ ጊዜ አታጥፉ። ፈረሱ እንደ ዳክሹንድ (እግረ አጭር፣ ረጅም ውሻ) ረዝሞ ከታየ ደግሞ 4 ለ 3 የነበረው ምስል ወደ 16 ለ 9 ተለጥጧል። የሰውነቱ ርዝመት ከጫንቃው ቁመት ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ሙሉ እርምጃ ቁጠሩ፤ በደቂቃ 180 ከሆነ ፊልሙ ተፋጥኗል። በ16 ስዕል ተቀርጾ በ24 የሚጫወተውን ወደ 0.67 ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ዛቡን፣ ጋላቢው በእጁ ይዞ ፈረሱን የሚመራበትን ማሰሪያ፣ ለማየት ነው። ቁልቁል ማረፊያ ላይ ጋላቢው ወደኋላ ሲደገፍ ብዙዎች «ሰነፍ አቀማመጥ» ይላሉ፤ አልስማማም። ጣቶቹን ተመልከቱ፦ ዛቡ በእጁ ውስጥ እየተንሸራተተ ከሄደ የፈረሱ አንገት ነፃ ነው፣ አቀማመጡም ትክክል ነው። ክርኑ ተቆልፎ አፉን ከጎተተው፣ ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ስህተቱ ያ ነው። ካረፈ በኋላ ዛቡን በስንት እርምጃ እንደሰበሰበ ቁጠሩ። ቀጣዩ መሰናክል ቅርብ ሲሆን ያልተሰበሰበ ዛብ እምቢታ (ፈረሱ አልዘልም ማለቱን) ያመጣል፣ የመጀመሪያው እምቢታ ደግሞ 20 የቅጣት ነጥብ ነው።

ማንን ልይ ለሚል፣ እንግሊዛዊቷ ጋላቢ ሉሲንዳ ግሪን ከ1973 እስከ 1984 ባድሚንተንን 6 ጊዜ በ6 የተለያዩ ፈረሶች አሸንፋለች፤ ፈረሱ ሲቀየር እጇ ምን እንደሚለውጥ ማነጻጸር ይቻላል። በተቃራኒው ኒውዚላንዳዊው ማርክ ቶድ ካሪዝማ በሚባል ፈረስ የሎስ አንጀለስ 1984ንና የሴኡል 1988ን ኦሎምፒክ አሸንፏል፣ ፈረስና ጋላቢ ያው። የተንታኞቹን ድምፅ ግን አጥፉት፤ ዓይናችሁን ወደ ውጤት ሰሌዳው ነው የሚወስዱት።