የ13ኛው ጋርድ እግረኛ ክፍለ ጦር ታሪክ፦ እስካሁን የጠራውና ገና ያልጠራው

የሶቪየት ክፍለ ጦር ቁጥር እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይገባበታል። 87ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሦስት ጊዜ ተቋቁሟል። የመጀመሪያው በጁን 1941 (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቭላዲሚር ቮሊንስኪ አካባቢ ድንበር ላይ ወረራውን የገጠመው ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከ3ኛው የአየር ወለድ ኮር ተመሠረተ፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 1942 13ኛው ጋርድ («ጋርድ» በውጊያ ለተመሰገነ ክፍል የሚሰጥ የክብር ስም ነው) የተባለው ይኸው ነው። ባዶ በቀረው ቁጥር ሦስተኛ 87ኛ ተቋቋመና እሱም ስታሊንግራድ ዘመተ፤ በዲሴምበር 1942 ቬርህኔ ኩምስኪ ላይ የተዋጋው እሱ ነው። ስለዚህ «87ኛ፣ ስታሊንግራድ፣ 1942» ብሎ የፈለገ ሰው የሚያገኘው የ13ኛው ጋርድ አዛዥ የነበረውን የሮዲምትሴቭን ወታደሮች ሳይሆን የሌላ ክፍለ ጦር ሰዎችን ነው።

መውጫው በሬጅመንት መፈለግ ነው። የ13ኛው ጋርድ ሬጅመንቶች 34ኛ፣ 39ኛና 42ኛ ጋርድ ሲሆኑ መድፈኛው 32ኛ ጋርድ ነው። የሦስተኛው 87ኛ ደግሞ 1378ኛ፣ 1379ኛና 1382ኛ። ሰነዱ ላይ የሬጅመንት ቁጥር ከሌለ ማስታወሻው ላይ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይቀመጥ።

የሰው ኃይልን በተመለከተ የመደብ ሠንጠረዥን (አንድ ክፍል ሊኖረው የሚገባውን የሰው ብዛት) እና የዕለቱን የሰው ቆጠራ መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው። የእግረኛ ክፍለ ጦር መደብ በአፕሪል 1941 14,483 ነበር፤ በጁላይ 1941 ወደ 10,859 ወረደ፣ በማርች 1942 12,795 ሆነ፣ በጁላይ 1942 10,386፣ በዲሴምበር 1942 ደግሞ 9,435። እነዚህ በወረቀት ላይ ሊኖር የሚገባው ናቸው። 13ኛው ጋርድ ቮልጋ ዳር ሲደርስ ወደ 10,000 ሰው ነበረው፤ ከሺህ የሚበልጡት ግን ጠብመንጃ አልነበራቸውም። «ከአሥር ሺህ 320 ብቻ ተረፉ» የሚለው በየቦታው የሚደጋገም ቁጥርም እንዳለ መወሰድ የለበትም። በየትኛው ቀን እንደተቆጠረ አይናገርም፤ በመሃል የገባውን ተተኪ ኃይል አይለይም፤ ቆስሎ ወንዙን የተሻገረውን ከሞተው አይነጥልም።

ታሪኩን በማጠናቀር አብዛኛውን ሥራ የወሰደው ክፍለ ጦሩ ቮልጋን ተሻግሮ ስታሊንግራድ የገባበት የሴፕቴምበር 14 ለ15 አጥቢያ ሌሊትና ተከታዮቹ ሁለት ቀናት ናቸው። በወዲያኛው ወገን የነበሩት የጀርመን 71ኛና 295ኛ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ስለሆኑ የእነሱን መዝገብ አብሮ ማንበብ ግድ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ ያሳስታል። ሶቪየቶቹ በሞስኮ ሰዓት፣ ጀርመኖቹ በበርሊን ሰዓት ይጽፋሉ። እስከ ኖቬምበር 2 ቀን 1942 ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ጀርመኖች የበጋ ሰዓታቸውን ከመለሱ በኋላ ሁለት ይሆናል። በዚያ ላይ እኛ 5:00ን «ከሌሊቱ 11» ብለን ስንገለብጥ ሦስተኛ ስሌት ይጨመራል። የክስተቶቹ የጊዜ ሠንጠረዥ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በሞስኮ ሰዓት ብቻ ይሞላ። ካርታው ላይ ከተማውን ከላይ የሚያየው ኮረብታ ማማዬቭ ኩርጋን በስሙ ሳይሆን «102.0» በሚል የከፍታ ቁጥር ነው የሚገኘው። የመድፎቹ ቦታ ከተማው ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ አይገርምም፤ ከተማውን ይከላከል የነበረው የ62ኛው ጦር ከባድ መድፍ አብዛኛው የሚተኩሰው ከቮልጋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነበር።

ለሰው ስም የሚጠቅመው ፖዶልስክ ያለው የመከላከያ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት ነው፤ ብዙው ሰነድ «ፓምያት ናሮዳ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ፎንድ (የቤተ መዛግብቱ ክፍል) 58 የሞቱና የጠፉ ሰዎች ነው፣ ፎንድ 33 የሽልማት። የጉዳት ዝርዝሩ አንድ መስመር ብዙውን ጊዜ ስምና የአባት ስም፣ ማዕረግ፣ የሥራ መደብ፣ የልደት ዓመት፣ የምልመላ ወረዳ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ የቅርብ ዘመድ አድራሻ ይይዛል። ጸሐፊው የሰማውን ስለሚጽፍ የመካከለኛው እስያ ወታደሮች ስም በሦስትና በአራት አጻጻፍ ይመጣል። ስሙ ካልተገኘ ስሙን ትቶ በልደት ዓመትና በምልመላ ወረዳ መሞከር ይሻላል። አድራሻው ላይ የሚስት ወይም የእናት ስም ካለ ሁለት የተለያዩ የሚመስሉ መስመሮች አንድ ሰው መሆናቸው በእሱ ይለያል። የሞት ቀኑንም በጥንቃቄ፤ በብዙ ሰዎች አንጻር አንድ ቀን ተደጋግሞ ከተገኘ ቀኑ ዝርዝሩ የተጠናቀረበት ሊሆን ይችላል።

የሽልማት ወረቀት ቦታና ቀን ለማግኘት ጥሩ ነው፣ የተገደለ ጠላት ለመቁጠር ግን መጥፎ። አዛዡ ሰውየውን ለማሸለም ነው የጻፈው። የ42ኛ ጋርድ ሬጅመንት ወታደሮች ስታሊንግራድ ውስጥ በተከላከሉት ሕንፃ፣ በፓቭሎቭ ቤት ጉዳይ ይህ በደንብ ይታያል። ቤቱ በስሙ የተጠራው ሳጅን ያኮቭ ፓቭሎቭ የሶቪየት ኅብረት ጀግና የተባለው በጁን 1945 ነው፤ በመሃል ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተጨምሯል። ቤቱ ውስጥ መትረየሰኞችን ይዞ የገባው ሌተና ኢቫን አፋናስዬቭ በማዕረግ የበላይ ሆኖ ሳለ ስሙ ለረጅም ጊዜ ከኋላ ቀርቷል። ለዚህ ክፍል የ1942ቱ የ42ኛ ጋርድ ሬጅመንት የዕለት ሪፖርቶች ይቀድማሉ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ከእነሱ ጋር እየተመሳከረ ብቻ ይገባል።

እስካሁን የጠራው የምሥረታው ሰንሰለትና የሴፕቴምበር ሠንጠረዥ ነው። ያልተነካው የጃንዋሪ 1943 ክፍል ነው፤ በተለይ ጃንዋሪ 26 ከምዕራብ ከመጣው 21ኛ ጦር ጋር የተገናኙበት ቀን። ለዚያ ቀን የሁለቱም ወገን ሪፖርት ይፈለጋል፤ የተገናኙበትን ሰዓትና ቦታ ከአንድ ወገን ብቻ መሙላት አይበቃም።