የራስ ቅል ምልክት ያለባት የእሳት እራት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የማታ ሥራዬ ሁሉ አንዲት የእሳት እራት ሆናለች። ሳይንሳዊ ስሟ አኬሮንሺያ አትሮፖስ ነው። ደረቷ ጀርባ ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት አለባት። ፎቶ ላይ ያስፈራል። በአካል ስታዩት ግን ደብዘዝ ያለ ቢጫማ ነገር ነው፤ አንዳንዷ ላይማ ፊትም አይመስል።

ስለዚህ አሁን የማየው የኋላ ክንፏን ነው። ስታርፍ የፊት ክንፎቿ እንደ ዛፍ ቅርፊት ጠቆር ያለ ቡናማ ሆነው ሁሉንም ይከድኑታል። በስንጥር ቀስ ብዬ ስነካካት ትከፍታቸዋለች። ከሥር ቢጫ ክንፍ፣ በላዩ ሁለት ጥቁር መስመር። ሆዷም ቢጫና ጥቁር ነው፣ መሐሉን ሰማያዊ ግራጫ መስመር ይወርዳል። ደግሞም ትጮኻለች! አየር በአፏ በኩል እየሳበችና እያስወጣች ሲጥ ሲጥ ትላለች።

ማታ በብርሃን ለመሳብ አምፖልና ነጭ አንሶላ መዘርጋት ጣና ሐይቅ ዳር አያዋጣም። ትንኙ አንሶላውን ያለብሰዋል። የተሻለው በቀን ትሏን መፈለግ ነው። የድንች ማሳና አስተናግር የበቀለበት ቦታ ይሻላል። ቅጠሉ ተበልቶ ከሥሩ ትልልቅ ኩስ ካያችሁ ቀና በሉ። ጣት የሚያክል ወፍራም ትል ነው፣ ጭራው ላይ ቀንድ አለው። አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል። ሲያድግ አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ (ወደ እሳት እራት ከመቀየሩ በፊት ያለው ደረጃ) ይሆናል፤ ድንች ሲቆፈር የሚወጣው ለዚህ ነው።

ዘጌ በኩል ላገኘኋቸው ንብ አናቢ አባት ፎቶዋን ባሳያቸው፣ «አንት ልጅ፣ ይቺን ነው የምታደንቃት? የማር ሌባ ናት እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መምጠጫዋ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ የታሸገውን ሰፈፍ ይበሳል። ጠረኗም ከንቦቹ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ አያውቋትም።

ስርጭቷ ሰፊ ነው። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ መካከለኛው ምሥራቅም ጭምር ትገኛለች። በበጋቸው አውሮፓ ድረስ ትዘልቃለች፣ የሰሜኑን ብርድ ግን አትችለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ አስረውባት በአውሮፕላን ተከትለዋታል። በአልፕስ ተራሮች በኩል እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ አብረዋት ሄደዋል። ነፋስ ሲገጥማት ዝቅ ብላ እየበረረች መስመሯን አልለቀቀችም።

ቀጣዩ ሥራዬ አምፖሉን ከሐይቁ አርቆ ወደ ድንች ማሳዎቹ መውሰድ ነው። ካገኛችኋት የኋላ ክንፏ የሚታይበትን ፎቶ ላኩልኝ።