671 ያልኩበት ቀን

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያጫርት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። አሮጌ ስል ደላላ «ሞተሯ አልተነካም» እያለ የሚያሻሽጣት ዓይነት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የወጡ፣ ጉልበታቸው ከፍሬናቸው የሚበልጥ የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። እኔ የጨረታውን መግለጫ እጽፋለሁ። አራት ኪሎ ስታትስቲክስ ተምሬ መጨረሻዬ ይሄ ሆነ።

አንድ ሳምንት የ1970 ሼቬል የምትባል የሼቭሮሌ መኪና መጣች። 454 ኤል ኤስ 6 የሚባል ሞተር፣ 450 የፈረስ ጉልበት፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። ባለቤቷ «እንዲህ ዓይነቷ የተሠራችው 20 ብቻ ናት» ብሎ ማለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ስለሚሰቀል ሁሉም ይምላል። አለቃዬ «አንተ ቁጥር ተምረህ የለ? አጣራው» አለኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ። በዚያ ዓመት በዚህ ሞተር የወጡት 4,475 መሆናቸው ይታወቃል። ግን እሱ ውስጥ ባለ ድፍን ጣሪያው፣ ባለ ክፍቱና ኤል ካሚኖ የሚሏት ፒካፕ አንድ ላይ ተደምረዋል። ለየብቻ ስንት ስንት እንደሆኑ የሚናገር የፋብሪካ ወረቀት የለም። ፎርድ ከ1967 ወዲህ ያለው መዝገቡ ተርፏል፣ የፖንቲያክም አለ፣ ካናዳ ውስጥ የተሸጡት የጂ ኤም (የሼቭሮሌ እናት ኩባንያ) መኪኖች እንኳ መዝገብ አላቸው። አሜሪካ የተሸጠ ሼቭሮሌ ላይ ስትደርስ ባዶ። የሻንሲ ቁጥሩም አይረዳህም፤ ከ1972 በፊት የሚነግርህ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ይሁን ስምንት፣ እሱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ታንክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እነ እንግሊዝ የጀርመንን ታንክ ብዛት የገመቱት ከተማረኩት ላይ ተከታታይ ቁጥር እያነበቡ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስንማረው አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። እዚህ ግን ኤል ኤስ 6 የራሱ ተራ ቁጥር የለውም። አሮጊት ገበያ ከምትሄድበት፣ ማሊቡ ከሚሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሼቬል ጋር በአንድ መስመር ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው። ይሄን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ማህደራችንን ከፈትኩ። ባለፉት ዓመታት በእጃችን ያለፉ 40 ኤል ኤስ 6 አገኘሁ፣ 6ቱ ጣሪያቸው ክፍት። 15 በመቶ። በ4,475 ሲባዛ 671። ለአለቃዬ ኢሜይል አደረግኩና ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ሽማግሌው መካኒካችን ወረቀቱን ይዞ ጠበቀኝ። «እነዚህን ስድስቱን አይተሃቸዋል?» አለኝ። አላየሁም፤ ቆጥሬ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። የሻንሲ ቁጥራቸው አንድ ነው። ሰማያዊ ሆና የተሸጠችው ከሦስት ዓመት በኋላ ቀይ ሆና ተመልሳለች፣ እኔ ቀለም ቆጥሬያለሁ ማለት ነው። ከዚያ የሦስተኛዋን የሞተር ፎቶ አሳየኝና ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። እዚያ ማንም ያልነካው ሞተር ቆሟል። ከቀኙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ፊት ያለችውን ጠፍጣፋ ቦታ በቤንዚን ጨርቅ ጠረጋትና ባትሪውን ከጎን አበራባት። ከተመታው ቁጥር ሥር ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ተሰልፈው ታዩኝ፤ ፋብሪካው ብረቱን ሲልገው የተዋቸው ናቸው። ፎቶው ላይ ያለችው ግን እንደ መስታወት ለስልሳለች። አንዱ ሌላ ሞተር የራሷ ለማስመሰል ሞርዶ አዲስ ቁጥር መትቶባታል። ስድስቱ አራት ሆኑ። ሠላሳ አራቱን ባለ ድፍን ጣሪያ ደግሞ ገና አልነካናቸውም።

እሱ ግን አልጨረሰም። «ድፍኑን የገዛው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ቅዳሜ እሽቅድምድም ወሰደው፣ ሞተሩን አፈነዳው፣ ሌላ ሞተር ከተተበት፣ በመጨረሻ ብረታ ብረት ሆነ። ክፍቱን የገዛው ጋራዥ ውስጥ አልብሶ አስቀመጠው። አንተ ጋ የሚመጣው የትኛው ነው?»

ዝም አልኩ። እኔ የቆጠርኩት ከፋብሪካ የወጣውን ሳይሆን ሰው የሳሳለትን ነው። የናሙና ትምህርት አንደኛው ምዕራፍ! ያውም 671፤ ሰባት መቶ ገደማ ብል እንኳ ትንሽ አፍር ነበር፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ግን አንድ በአንድ ቆሜ የቆጠርኩ አስመሰለችኝ።

ለካ አለቃዬ ኢሜይሉን ለባለቤቱ አስተላልፎለታል። ሰውዬው ደውሎ ጮኸብኝ፣ አልፈርድበትም። ይቅርታ ጠየቅኩት። የእሱ 20ም ወረቀት እንደሌለው ስነግረው ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ቁጥር ጭራሽ አይገኝም ማለቴ አይደለም። የ1969 ዜድ ኤል 1 ካማሮ 69 ናት፣ በቃ። በልዩ ትእዛዝ የተሠራች፣ ሞተሯ አሉሚኒየም፣ 50ውን ኢሊኖይ ያለ ፍሬድ ጊብ የሚባል ሻጭ ብቻውን ያዘዛት መኪና ናት። ለእሷ ቁጥር ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ለሼቬሏ መካኒኩ ሰልባትዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) አወረደው። ከላዩ ላይ፣ አቧራና ዝገት መሃል፣ ፋብሪካ ውስጥ መኪናዋ ስትገጣጠም የተከተላት ወረቀት ተጣብቆ ተገኘ። በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አላቀቀው። አይጥ በልቶታል። ትንፋሼን ውጬ አየሁት፦ የሞተሩ መስመር ይነበባል። መግለጫው ላይ ቁጥሬን ሰርዤ ስለ ወረቀቱ ጻፍኩ። የጨረታው ቀን ገዢው ስንት ተሠራ ብሎ አልጠየቀም፤ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቷን ደጋግሞ አነበባትና ሬዲዮዋ የራሷ ነው ወይ አለኝ። አይጡ የበላው እሱን መስመር ነው።