ውጋቱ ጀርባዬ ላይ፣ ነገሩ ግን አንገቴ ላይ ነበር

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ 9 ዓመት የስፌት መኪና ላይ አንገቴን ደፍቼ። አምና ከቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ በዝርጉ አጥንት ጠርዝና በአከርካሪዬ መሀል አንድ ቦታ ይወጋኝ ጀመር፣ እጄን ወደ ኋላ ብልከው የማይደርስበት ቦታ። እናቴ ብርድ ነው አለች፣ እኛ ጋ ሁሉም መጀመሪያ እሱን ነው የሚለው። ቅባት ተቀባሁ፣ ወጌሻ አሸኝ፣ ሁለት ቀን ለቀቅ አርጎኝ ተመለሰ።

ጥፋቱ ከዛ በኋላ ነው። ህክምና ሄድኩ፣ ያየኝ ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል የትከሻ ራጅ አዘዘ፣ ራጁ ምንም የለውም ተባልኩ፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ኪኒን ለ5 ቀን ጽፎ ሸኘኝ። ጨጓራ አለብህ ወይ አላለኝ፣ ረመዳን ሆኖ እያለ ትጾማለህ ወይ አላለኝ። እስካሁን ያበሽቀኛል። ግን በራሴ ይብስብኛል፣ ምክንያቱም ኪኒኑ ሲያልቅ ያለ ማዘዣ እየገዛሁ 3 ሳምንት ቀጠልኩ፣ ማታ ለማፍጠሪያ ቴምሩን እንኳን በቅጡ ሳልውጥ አንድ፣ ለሱሁር አንድ፣ የዒድ ልብስ የሚጠብቀው ሰው በዝቶ ውጋቱ እስከዛ እንዲታገሰኝ ብቻ ነበር የፈለኩት። ሆዴ ሲያቃጥለኝ የሾርባው በርበሬ ነው አልኩ። ከዛ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ እሱንም አፍሬ 2 ቀን ደበኩት። በሶስተኛው ቀን ከወንበሬ ስነሳ ዓይኔ ጨለመ፣ ጎረቤቴ በባጃጅ አደረሰኝ። ኪኒኑ ጎድቶህ ጨጓራህ እየደማ ነው አሉኝ። ደም ተሰጠኝ፣ ዒድን አልጋ ላይ ዋልኩ፣ የሰው ልብስ ሳይሰፋ ቀረ ወላሂ ያ ነው የሚቆጨኝ።

ስድን የላኩኝ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ግን 10 ደቂቃ አልፈጀበትም። አንገትህን ወደ ኋላ ጣል አርገህ ወደ ቀኝ አዙር አለኝ፣ አዞርኩ፣ ያችኑ ቦታ ጠቅ አረገኝ። ከአንገት የሚወጣው ነርቭ ሲቆጣ ህመሙ እዛ ነው የሚሰማው፣ ጀርባህን ብታሽ ምን ዋጋ አለው አለኝ።

የሰራሁት ይሄን ነው፦ አገጬን ወደ ኋላ ስቤ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ፣ በየሰዓቱ። ሁለቱን ትከሻ ወደ ኋላ ማቀራረብ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ በፎጣ ጠቅልሎ ማሳረፍ። አንገቴን እንዳልደፋ ከስፌት መኪናው እግር ስር ጡብ ከተትኩ። እረፍት አድርግ የሚሉትን እኔ አልቀበልም፣ ሳምንት ተኝቼ ግትር ብዬ ነው የተነሳሁት፣ የጠቀመኝ ጠዋት ጠዋት በጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ መሄድ ነው። 6 ሳምንት ፈጀ።

ግን ውጋቱ ከደረት መጨነቅና ላብ ጋር ከመጣ፣ እጅ ከደነዘዘና ከሰነፈ፣ ቅባት በበላችሁ ቁጥር በቀኝ በኩል ከማቅለሽለሽ ጋር ከተነሳ (ሐሞት ሊሆን ይችላል)፣ ወይ ማታ ማታ እያላበ ካከሳችሁ፣ ይሄ የኔ ዘዴ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፣ ሐኪም ነው። ኪኒን ሲጻፍላችሁ ደግሞ ባይጠይቋችሁም እጾማለሁ በሉ።