የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ፍሬን፦ አየሩን ቤት ውስጥ ማስወጣት

የፍሬን እጀታ ሲጨበጥ ልስልስ ብሎ ወደ መሪው ከተጠጋ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል፤ የእጃችሁ ጉልበት ሸራውን መግፋቱ ቀርቶ አረፋ ሲጨምቅ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ውሃውን ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን በ155 ገደማ ሊፈላ ይችላል። ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ይባስ ብሎም ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ፣ ያረጀው ዘይት ካሊፐሩ (ጎማው ዘንድ ሸራውን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ጠዋት ግቢ ውስጥ ጠንካራ የነበረው እጀታ እዚያ ባዶ ይገባል። ስለዚህ ፍሬኑ ደህና ቢመስልም ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ይቀየር።

ዘይት ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት በዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 4 ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን የዶት 4 ወገን ነው። ማኅተሙ ያልተነካ ግማሽ ሊትር ለፊትም ለኋላም ይበቃል። ክረምቱን ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ይጣል።

8 ቁልፍ (አንዳንዱ ሞተር 10 ይላል)፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ፣ ጠርሙስና ሲሪንጅ አዘጋጁ። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ ታንከሩን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከነካው ቶሎ በውሃ እጠቡት። የክዳኑ ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፤ ልካቸው ያልሆነ ካቻቪቴ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል።

አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ መጥጣችሁ አዲሱን ሙሉ። ቱቦውን በካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ዘይት ንከሩት። እጀታውን ጨብጡ፤ እንደጨበጣችሁ ብሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ፤ ዘይቱ ሲወጣ ዝጉ፤ ከዚያ ብቻ ልቀቁ። ሳትዘጉ ከለቀቃችሁ አየር መልሶ ይሳባል። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደም አየር ገብቶ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ በየአምስት ጭብጡ ሙሉት። ኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ወይም የተያያዘ የፊትና የኋላ ፍሬን ያለው ሞተር የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ መመሪያውን ተከተሉ።

ቱቦው ውስጥ ደቃቅ አረፋ ማየት ሁልጊዜ ከመስመሩ ነው ማለት አይደለም፤ በብሎኑ ጥርስ በኩልም አየር ይገባል። ስለዚህ ፈራጁ እጀታው ይሁን። አሁንም ከለሰለሰ፣ አየሩ ብዙ ጊዜ የተደበቀው ከላይ፣ ቱቦው ከእጀታው ፓምፕ ጋር በሚገናኝበት ብሎን ዙሪያ ነው። መሪውን አዙራችሁ ያ ቦታ ከፍ እንዲል አድርጉና እጀታውን በትንሽ በትንሹ ነካ ነካ አድርጉት፤ አረፋው ዕቃው ውስጥ ብቅ ይላል። እምቢ ካለ እጀታውን ጨብጣችሁ በገመድ አስራችሁ አሳድሩት።

የአየር ማስወጫው ብሎን ውስጡ ባዶ ስለሆነ በጉልበት ሲጠብቅ ይሰበራል። ከዘጋችሁ በኋላ እጀታውን ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ይዛችሁ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ እዩ። ፒያሳ ከሆናችሁ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ከመውጣታችሁ በፊት ሜዳ በሆነ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ በዝግታ ሞክሩት።